እትዬ ሃምሳ አለቃ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ የማወራችሁ ስለ አንዲት የወታደር ሚስት ነው።

ጂንካ ላይ ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ባኮ ተወለዱ፣ በወግ ተዳሩ፣ ሦስት ልጆች ወለዱ፣ ባደረባቸው ሕመም አረፉ ተባለና አለቀ። ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በወጉ ሳያወልቁ አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ካሉት ጥቂት መስመሮች ውስጥም የሚበዙት የባላቸው ነበሩ፤ በየትኛው ጦር እንዳገለገለ፣ በየትኛው ግንባር እንደቀረ። ወታደር ማኅደር አለው። የተቀጠረበት ቀን፣ የማዕረግ ዕድገቱ፣ የተዛወረበት ቦታ ሁሉ ተጽፎ ይቀመጥለታል። አብራው የዞረችው ሴት ማኅደር የላትም። ይኸው የጎደለውን ልሞላ ተቀምጫለሁ።

ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ሰፈሩም ቢሆን በስማቸው አይጠራቸውም ነበር። ባላቸው ተራ ወታደር ሳለ የወታደሩ ሚስት ነበሩ፤ አሥር አለቃ ሲሆን የአሥር አለቃ ሚስት ተባሉ። ሃምሳ አለቃነቱ ሲመጣ እኛ የሰፈር ልጆች አሳጥረን «እትዬ ሃምሳ አለቃ» አልናቸው። እሱ ከቀረ በኋላም ማዕረጉ እሳቸው ላይ ቀረ። ደግሞ የምነግራችሁ የእሳቸውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጎረቤቶቻቸውን ታሪክም እዚያው ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ የጦር ሰፈር ሴቶችን ነገር ሲያወጉ የአንዷ የሌላዋን እየጎተተ ይመጣልና።

ከባኮ እንነሳ።

ጂንካ ከተማ ሳትሆን በፊት የመንግሥት መቀመጫ ባኮ ነበረች፤ ከአሪ ደጋ ላይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ወረደ። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ዛሬ ቱርካና የምንለው ሐይቅ ድረስ ዘልቆ ባንዲራ ተከለ። ጦሩ ባለፈበት አገር ሁሉ ኮረብታ እየመረጠ ሰፈር ይተክል፣ ወታደርም ያስቀር ነበር። ያ ወታደር በወር የሚቆጠርለት ደመወዝ የለውም፤ ደመወዙ ገባር ነው። የአሪው ገበሬ ለተመደበለት ወታደር ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል። የገበሬው ሚስት ደግሞ ውሃ ትቀዳለች፣ እህል ትፈጫለች።

የወታደሩ ሚስትስ? እሷ ከባሏ ኋላ በእግሯ የመጣች ናት። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር ስንቁንና ወጥ ቤቱን ይዞ የሚሄደው በሴቶች ጀርባ ነበር። የዐድዋ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ውሃ እንዳስያዙ ሁሉም ያወራል፤ ለተዋጊው ውሃ ያቀበሉትን፣ ቁስለኛውን ያነሡትን፣ ሌሊት ሲፈጩ ያደሩትን ሴቶች ግን በስም የሚያውቃቸው የለም። ባኮ ስትደርስ ያችው በመንገድ የተንከራተተች ሴት እመቤት ሆነች። ሌላ ሴት ወፍጮው ላይ ተንበረከከችላት።

ይህን የነገሩኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው። «አያቴ እኮ እንስራ ተሸክማ አታውቅም፤ የአሪ ሴት ነበረች የምታመጣላት» ይሉ ነበር። ሲሉት አይኮሩበትም፣ አይሸሽጉትምም። ሂሳቡ ያልተዘጋ ነገር አድርገው ነበር የሚያነሡት። ወደ ሂሳቡ እንመለሳለን።

ከጣልያን መውጣት በኋላ የገባር ሥርዓት በሕግ ቀረ፤ የመንግሥት ሥራም እየወረደ ወደ ጂንካ ተጠቃለለ። አገሩ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል ነበር፤ ጂንካም ዋና ከተማው። እትዬ ልጅ ሆነው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጂንካ ወረዱ። የዛሬው አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ የለም፤ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል ባለው ሣር ላይ ነበር። በሌላው ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ወደ ገበያ ያቋርጥበታል፣ ልጅ ኳስ ይራገጥበታል። ዲሲ ስሪ ድምፁ ሲሰማ ከብቱ ይባረራል፣ ከተማው በሙሉ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ፖስታውም መድኃኒቱም ሹሙም ወታደሩም ከዚያች አውሮፕላን ይወርዳሉ። እትዬ ባላቸውን መጀመሪያ ያዩት እዚያው ጠርዝ ላይ ቆመው ነው። ለዕረፍት ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ወጣት ወታደር ነበር። «አቧራውን ሲያራግፍ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቴን ሙሉ እኔ ነኝ ያራገፍኩለት» እያሉ ይስቁ ነበር።

ተጋቡና ይዟቸው ሄደ። ወዴት? ወደ ነገሌ ቦረና፣ የጦር ሰፈር ወዳለበት። ወታደር ስታገቡ ካርታውን ታገባላችሁ፤ ነገሌ ደግሞ በዚያ ካርታ ላይ ውሃ የጠፋበት ቦታ ነው። እትዬ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያጠቡት የሚታጠብበትን ውሃ በጣሳ እየለኩ ነው። ዛሬ የየካቲት 66 አብዮት ሲነሳ ተማሪው፣ ታክሲ ነጂው፣ የነዳጁ ዋጋ ይወራል። ከዚያ በፊት በጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የተነሱት ግን የነገሌ ወታደሮች ናቸው። ምግባቸው የማይበላ ሆነ፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። እምቢ ብለው አለቆቻቸውን ያዙ። ጉዳዩን ሊያይ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም ከዚያው ምግባቸው አብሉት፣ ከዚያው ውሃቸው አጠጡት።

እትዬ ይህን ሲያወሩ አንድ ነገር ይጨምሩበታል። «ወታደሩ በውሃ ምክንያት አመፀ ተብሎ በሬዲዮ ይነገራል፤ እኛ ሴቶቹ ግን ዓመት ሙሉ በዚያው ውሃ ልጅ አሳድገናል፤ ማንም አመፁ አላለንም» ይላሉ። ንግግራቸው ጨው አለው፤ ግን ባላቸውን እንደማይነቅፉ ታውቁባቸዋላችሁ።

ዘመኑ ተገለበጠ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ታወጀ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ፤ መስከረም 1970 ዓ.ም. ሲጠባ ጅጅጋ ተያዘች። ሃምሳ አለቃው፣ ያኔ ገና አሥር አለቃ፣ ከነገሌ ወደ ምሥራቅ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ሁለት ልጅ ይዘው፣ ሦስተኛውን በሆዳቸው፣ ወደ ጂንካ ተመለሱ።

በዚያ ዓመት በየቀበሌው ስንቅ ይዘጋጅ ነበር፤ ጂንካም እንዲሁ። የሌላው ሰው ስንቅ ለማያውቀው ወታደር ይሄዳል። እትዬ ግን የቀበሌውን ካዘጋጁ በኋላ ማታ ቤታቸው ለራሳቸው ሰው የሚሆን ይቀመጡ ነበር። ከአሪ ደጋ የወረደ ገብስ ይቆሉና በሶ ያስፈጫሉ። ዳቦ ቆሎውን እንደ ሽንብራ አሳንሰው ይቆርጣሉ፤ ትልቁ ቶሎ ይደርቃል፣ ጥርስ ይሰብራል ይላሉ። ድርቆሹ ሻጋታ እንዳይዘው ሁለት ፀሐይ ያያል። ቋንጣው ላይ በርበሬ አይቆጥቡም። ሁሉም በአቡጀዲ ከረጢት ይገባል። የከረጢቱን ዳር በቀይ ክር ይዘመዝሙታል፤ ስሙ ያለበት ወረቀት ቢቀደድ እንኳ በክሩ እንዲያውቀው። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከሰፈሩ ቀድመው የተመዘገቡትም ለዚሁ ነው። ደብዳቤያቸውን ሰው እንዲጽፍላቸው አልፈለጉም፤ «ለባሌ የምለውን ጎረምሳ ለምን ይስማው?» አሉ።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ሰውየው በሕይወት ተረፈ፤ ማዕረግም ጨመረ። ያልተረፉት ብዙ ናቸው። ከዚያ ጦርነት ወላጅ ካጡት ልጆች አንዳንዶቹ አላጌ በተሠራው የሕፃናት አምባ አደጉ፤ ከ2,000 የሚበልጡት ደግሞ ባሕር ተሻግረው ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ላይ ተማሩ። አስቡት እስቲ፤ ባሏን ለምሥራቅ የሰጠች እናት ልጇን ደግሞ ስሙን ሰምታ ለማታውቀው ደሴት ትሰጣለች። ከእትዬ ጓደኞች አንዷ ልጇን ለትምህርት ስትልክ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው ይላሉ፤ «እዚያ አገር እንጀራ አለ?»

አሁን ወደ ሂሳቡ።

ወታደር ግንባር ሲሆን ከደመወዙ ለቤተሰቡ ተቆራጭ ይተውለታል። ተቆራጩ ከመጣ ደግ ነው፤ ሲዘገይ ግን ይዘገያል፤ ሦስት ልጅ ደግሞ አይዘገይም። እትዬ እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ አሰቡ። ምጣድ የለም። ቅዳሜ ገበያ ወጡ። የጂንካ ቅዳሜ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው፤ የአሪ ሴቶች ቡናቸውን፣ ጎመናቸውን፣ ቆጯቸውን ዘርግተዋል፤ በናው ማሩን፣ ሙርሲው ከማጎ ማዶ ይዞት የመጣውን ይዟል። ከአንድ ጥግ ሸክላ ሠሪዎቹ ተቀምጠዋል። እነዚህን አሪው «ማና» ይላቸዋል፤ ያኔ ገበሬው ከእነሱ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም፣ ልጁንም አይድርላቸውም። ከእነሱ አንዷ ዘንድ እትዬ ተቀመጡና በተሰባበረ አሪኛ እውነቱን ነገሩ፤ «ገንዘብ የለኝም፤ ምጣድ እፈልጋለሁ፤ ባሌ ጦር ሜዳ ነው።»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ምጣዱን በጣቷ ቋ ቋ አድርጋ፣ ስንጥቅ እንደሌለው አሰምታ፣ ሰጠቻቸው። ዱቤ።

እትዬ ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሹ፤ የመጀመሪያውን እንጀራ ለሴትዮዋ ወሰዱላት፤ ከዚያ ከሽያጩ ዕዳቸውን በየቅዳሜው እያቃመሱ ከፈሉ። ሲከፍሉ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው አይመለሱም፤ ቁጭ ብለው ሸፎሮ፣ የቡና ገለባውን ፍል፣ ይጠጣሉ። በዚያ ሰበብ አሪኛቸው ተስተካከለ። የእትዬ ልጅ ሲታመም ሴትዮዋ ከተራራ ወርዳ ታድራለች፤ የሴትዮዋ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያድረው እትዬ ቤት ነው። ለወሬ የሚቸኩሉ ጎረቤቶች «የወታደር ሚስት ከሸክላ ሠሪ ጋር?» አሉ። እትዬ መለሱላቸው፤ «አያቴ የእነዚህን ሰዎች ጉልበት በነፃ ወሰደች፤ እኔ ምጣዳቸውን በዱቤ ወሰድኩ። ዱቤ ይሻላል፤ ዱቤ ይከፈላል።»

እኔ ስለ ደቡብ ኦሞ የጦር ሰፈር ታሪክ ብዙ ሰው ሲከራከር ሰምቻለሁ፤ አንዱ ሥልጣኔ አመጣ ይላል፣ ሌላው ቀማ ይላል። ከዚህች ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ግን አልሰማሁም።

ከምሥራቅ መልስ ጦሩ ወደ ሰሜን ዞረ። ሃምሳ አለቃው ኤርትራ ገባ። ደብዳቤው በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ይመጣል፤ ስለ ጦርነቱ ምንም አይልም፤ የልጆቹን ውጤት ይጠይቃል፤ ቀዩን ክር እንዳየው ይጽፋል። አንድ ጊዜ ለዕረፍት መጥቶ ታናሽየው ልጁ «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብሎ ጠራ። ይህን እትዬ ሲነግሩኝ ሳቁ፤ ግን ሳቁን ቶሎ ነው የጨረሱት።

መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ሃምሳ አለቃው እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። በእኛ አገር ሞት ሥርዓት አለው፤ መርዶ ነጋሪ በሌሊት ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድር ንፍሮ ያመጣል፣ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። የጠፋ ሰው ሚስት ግን ምን ታድርግ? ጥቁር ብትለብስ አሟረተች ትባላለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ብትወጣ ረሳችው ትባላለች። እትዬ በመሃል ተገኙ። ለበዓል ዶሮ ሲሠሩ የእሱን ብልት ያስቀምጡ ነበር፤ በማግሥቱ ለልጆቹ ይሰጡታል።

ይህ ዕጣ ደሃ አይመርጥም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ የባሌው ገዥ የደጃዝማች በየነ መርዕድ ባለቤት ነበሩ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጣልያን ባላቸውን ገደለ፤ እሳቸውን ከነልጆቻቸው ማርኮ ወደ አገሩ ወሰደ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ቱሪን ከተማ ውስጥ አረፉ። የአባት ዙፋን እንኳ የወታደር ሚስትን ከዚህ አያድንም። ልዩነቱ የልዕልቲቱ ታሪክ መጻፉ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ጦር ተበተነ። አንዳንዱ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ አንዳንዱ በየካምፑ ተሃድሶ ወስዶ፣ በየአገሩ ገባ። እትዬ ጂንካ ለደረሰ ወታደር ሁሉ እንጀራ አበሉ። የማንም ወገን ይሁን፣ ያበሉታል፤ ከዚያ ፎቶግራፍ ያሳዩታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዱ ፎቶግራፉን አይቶ ዝም አለ። አፋቤት አብሮት ነበር። በዓይኑ ያየውን ተናገረ። በማግሥቱ ድንኳን ተተከለ። ሸክላ ሠሪዋ ከነዘመዶቿ ወርዳ በራሷ ወግ አለቀሰች፤ በዚያች ቀን ማን ከማን ጋር ማዕድ ይቀርባል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ልቅሶ ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ። መንግሥት ወረቀት ይፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው ዘመዶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የመጥፋት ውሳኔ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይናገራል። እትዬ ፋይል አስከፈቱ። ሕግ ያወቁት ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ነው፤ በኋላ በኋላ ሌሎች ሚስቶች ምን ይዘው እንደሚቀርቡ የሚጠይቁት እሳቸውን ሆነ። ምስክር፣ ፎቶግራፍ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ከነፖስታው። «ፖስታውን አትጣሉ፤ ቀኑ ያለው ማኅተሙ ላይ ነው» ይላሉ። ስንት ሴት በዚህች ምክር ተረፈ!

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቢያበቃ በቂ ነበር። ግን የወታደር ሚስት ስትተርፍ የወታደር እናት ትሆናለች። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ተያዘች ተባለ፤ በሆዳቸው ይዘውት ከነገሌ የመጡት ልጅ ተነሥቶ «ልዘምት ነው» አለ። እትዬ አልጮኹም። ሂድም፣ ቅርም አላሉትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» ከጂንካ አብረውት የሚሄዱትን ጠርተው ቡና አፈሉ። ሲጨርሱ ለእያንዳንዱ ትንሽ ደብተር ሰጡ። በእጃቸው የጻፉባቸው ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የሁሉም ልጆች ስም፣ የእናታቸው ስም፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ አለ። «ጀግንነቱን እናንተ ታውቃላችሁ» አሏቸው፤ «እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አንዳችሁ ብትቀሩ የተረፈው ለእናትየዋ በሳምንቱ ይጻፍ። ዓመታት አታስጠብቋት።»

በየካቲት 1991 ዓ.ም. በፀሐይ ግባት ዘመቻ ባድመ ተመለሰች። ልጁ ቆስሎ ተረፈ። ከደብተሮቹ አንዷ ግን ሥራዋን ሠራች፤ ከአብሮ አደጎቹ የአንዱ እናት ልጇ መውደቁን በቀናት ውስጥ ሰማች። መርዶውን ይዘው በሌሊት የሄዱት እትዬ ናቸው። እናትየዋ በኋላ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «ቶሎ ስላለቀስኩት እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ይህን ምስጋና የሚረዳ የጠበቀ ሰው ብቻ ነው።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል ይባላል። የወታደሩ ደመወዝ በባንክ ይገባል፣ ስልክ አለ፣ ጂንካም በአስፋልት ተደርሷል፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ኔትወርክ የሌለበት ግንባር ግን አሁንም አለ፤ ስልኳን በየሰዓቱ ገልብጣ የምታይ ሴትም በየሰፈሩ አለች። አጠገባችሁ ካለች ከልቅሶ በፊት ጠይቋት። ባሏን ሳይሆን እሷን ጠይቋት፤ የት የት ኖረች፣ በምን አበላች፣ የማን ዕዳ አለባት፣ ማን ዱቤ ሰጣት። ይህ ሁሉ የአገር መከላከል ታሪክ ነው፤ የተጻፈው ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ስለ ግማሽ ካነሣን በእርጅናቸው ደጋግመው የሚያወሩትን ጨዋታ ልንገራችሁና ላብቃ። የጡረታው ነገር ከብዙ ምልልስ በኋላ ተሳክቶ የመጀመሪያውን ብር ሊቀበሉ ሄዱ። ልጆቹ 18 ዓመት አልፏቸዋል፤ የእነሱ ሃያ ሃያ በመቶ ቀርቷል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ «እማማ፣ ሕጉ ለሚስት የሚፈቅደው የሟች ባሏን አበል ግማሽ ነው» አላቸው፤ ይቆጡኛል ብሎ ፈርቶ።

እትዬ ሃምሳ አለቃ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ተመስገን!» አሉት። «ከአገልግሎቱ ግማሹ የእኔ እንደነበረ መንግሥት አወቀ ማለት ነው። በል ቁጠርልኝ።»